«350 ግሬን ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ ከ20 ሜትር ወዲህ የፍላጻ ክብደት

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። እዚህ አሜሪካ በባህላዊ ቀስት፣ ማለትም ጫፎቹ ወደ ፊት በተቆለመሙት ሪከርቭና በረጅሙ ሎንግቦው፣ አጋዘን ለሚያድኑ ሀበሾች ታስቦ የተጻፈ ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ራሱ ደስ ይላል። ቁጥራችን ጥቂት ነው፣ የምንማረውም ባብዛኛው ከፈረንጅ ቪዲዮ ነው። ነገር ግን ያንን ጽሑፍ አምኖ ኦክቶበር ላይ ጫካ የሚገባ ጀማሪ ይኖራል፤ የዚያ ጀማሪ ፍላጻ ግማሽ መንገድ ገብቶ ቆሞ እንስሳው ለሊቱን ሙሉ ሲሰቃይ ማደሩን ሳስበው ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። 45 ፓውንድ ለሚስብ ቀስት፣ ማለትም ለመሳብ 45 ፓውንድ ኃይል ለሚጠይቅ፣ 350 ግሬን ፍላጻ ይበቃል ይላል። ምክንያት ብሎ የደረደራቸው፦ ፈጣን ፍላጻ አጋዘኑ ሳይነቃ ይደርሳል፤ የሚገድለው ካይኔቲክ ኢነርጂ (የሚንቀሳቀስ ነገር የያዘው ጉልበት) ነው፣ እሱም የሚመጣው ከፍጥነት ነው፤ ከባድ ፍላጻ ቶሎ ይወድቃል፤ የፍላጻ ተመራማሪው ዶክተር አሽቢ 650 ግሬን ያለው ለጎሽ ነው፤ አባቶቻችን በሸምበቆ ፍላጻ ዝሆን ጥለዋል፤ ክብደት ካማረህ ደግሞ ከጫፉ ላይ ከባድ ብረት ማሰር ነው፣ አለቀ። መጨረሻ ላይም ሁለቱንም ዓይነት ኮሮጆህ ውስጥ ያዝ ብሎ ይመክራል።

ለማያውቅ ሰው፦ ግሬን የፍላጻ ክብደት የሚለካበት ነው። 1 ግራም 15.4 ግሬን ያህል ይሆናል፣ 7,000 ግሬን 1 ፓውንድ ይሞላል። አዳኞች የፍላጻውን ግሬን ለቀስቱ ፓውንድ ያካፍሉና «በፓውንድ ስንት ግሬን ነው?» ይባባላሉ። 450 ግሬን ፍላጻ በ45 ፓውንድ ቀስት ሲተኮስ 10 ነው። የወንድማችን 350 ደግሞ 8 እንኳን አይሞላም። ይህ በራሱ ማስጠንቀቂያ ሊሆነው ይገባ ነበር፤ ብዙ የባህላዊ ቀስት ሠሪዎች ከ8 ወይም ከ9 በታች አትውረዱ ይላሉና። ፍላጻው በቀለለ ቁጥር ተኩሱ ያለ ፍላጻ ባዶውን እንደመልቀቅ እየሆነ ይሄዳል። ባዶውን የተለቀቀ ቀስት ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል፣ የቀስቱ ክንድ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ ከፍጥነቱ ልጀምር። «አጋዘኑ ሳይነቃ ይደርሳል»። ይደርሳል ወይ? እናስላው። 45 ፓውንድ የሚስብ ደህና ሪከርቭ 350 ግሬን ፍላጻን በሴኮንድ 190 ጫማ ገደማ ያስወነጭፋል። ፍላጻው 550 ግሬን ከሆነ ወደ 160 ጫማ ይወርዳል። እንደ ቀስቱና እንደ ተኳሹ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አጋዘኑ 15 ሜትር ላይ ቢቆም ቀላሉ በ0.26 ሴኮንድ፣ ከባዱ በ0.31 ሴኮንድ ይደርሰዋል። ልዩነቱ የሴኮንድ አንድ ሃያኛ ነው። የቀስቱ ድምፅ ግን በሴኮንድ 340 ሜትር ስለሚጓዝ ገና በ0.04 ሴኮንድ ጆሮው ውስጥ ገብቷል። ማለትም ሁለቱም ፍላጻዎች ከድምፃቸው በኋላ ነው የሚደርሱት፣ ያውም በጣም ዘግይተው። በዚህ ሩጫ ድምፅን የሚቀድም ቀስት የለም፣ በጣም ፈጣን የሚባለው ባለ መዘውሩ ኮምፓውንድ ቀስት እንኳን አይቀድመውም።

ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ይፈጥናል ሳይሆን የትኛው ዝም ይላል ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉ ነገሩን ገልብጦታል። ቀስት ስትስብ ክንዶቹ ውስጥ ጉልበት ታጠራቅማለህ፤ ስትለቀው ያ ጉልበት ከፊሉ ወደ ፍላጻው ይሄዳል፣ የቀረው ክንዱና አውታሩ ውስጥ ይቀራል። የቀረው ነው እጅህን የሚያንዘረዝረውና «ጧ» የሚለው። ፍላጻው ሲከብድ ብዙውን ይዞ ይወጣል፣ ቀስቱ ይረጋል፣ ድምፁም ወፍራምና አጭር ይሆናል። ሲቀል ግን ቀስቱ ይጮኻል። የሴኮንድ አንድ ሃያኛ ለማትረፍ ብለህ ለአጋዘኑ ጮክ ያለ ደወል ትደውልለታለህ ማለት ነው። ዋይትቴይል የሚባለው የዚህ አገር አጋዘን ደግሞ ሲደነግጥ ለመሮጥ መጀመሪያ ዝቅ ይላል፣ እግሩን አጥፎ፤ ብዙ ፍላጻ በጀርባው ላይ አልፎ የሚሄደው በዚህ የተነሳ ነው። አንገቱን አቅንቶ ጆሮውን ወደ አንተ ያዞረ አጋዘን ላይ ደግሞ በ350ውም በ550ውም አይተኮስም። ይህን ጽሑፉ አላነሳውም፣ መነሳት ግን ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «የሚገድለው ካይኔቲክ ኢነርጂ ነው» ይላል፣ ደፍሮ። እሺ፣ በራሱ ሚዛን እንመዝነው። ከላይ ባስቀመጥኩት ፍጥነት 350 ግሬኑ 28 ፉት ፓውንድ (የኢነርጂ መለኪያ ነው) ያህል ይይዛል፣ 550ው ደግሞ 31 ያህል። በራሱ መለኪያም ከባዱ ይበልጣል። ምክንያቱ ያው ከላይ ያልኩት ነው፣ ከቀስቱ ብዙውን ጉልበት ይዞ የሚወጣው ከባዱ ነው። «ኢነርጂ ከፍጥነት ይመጣል» የሚለው አባባል ትክክል የሚሆነው ፍጥነቱ ያለ ዋጋ ቢገኝ ነበር። ፍጥነቱን የገዛኸው ግን ክብደት ሸጠህ ነው።

ለነገሩ ካይኔቲክ ኢነርጂ ለፍላጻ ደህና መለኪያ አይደለም። ትንሿን የ.22 ጠመንጃ ተመልከት። 40 ግሬን ጥይቷ በሴኮንድ 1,200 ጫማ ገደማ ትወጣለች፣ ሲሰላ ወደ 130 ፉት ፓውንድ ነው። የፍላጻህ አራት እጥፍ። ሆኖም ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን በ.22 ማደን ክልክል ነው፣ ከ.23 ካሊበር በታች አይፈቀድም። በ31 ፉት ፓውንድ የተተኮሰ ስለታም ፍላጻ ግን ሁለቱንም ሳንባ በስቶ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ መሬት ላይ ይሰካል። ኢነርጂ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተቃራኒ በሆነ ነበር።

ፍላጻ የሚገድለው በመቁረጥ ነው። ደም ሥር ይቆርጣል፣ ሳንባን ይበሳል፣ እንስሳው ደሙ ፈስሶ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ከፍላጻ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ቆዳ፣ ጎድን፣ ሳንባ፣ እንደገና ጎድን፣ እንደገና ቆዳ አልፎ እንዲሄድ፣ መሃል ላይ እንዳይቆም። ለዚህ የሚቀርበው መለኪያ ሞመንተም ነው። የተወሳሰበ ሒሳብ አያስፈልገውም፣ ክብደትን በፍጥነት አባዛ። 350 በ190 ሲባዛ 66,500 ነው። 550 በ160 ደግሞ 88,000። ሲሶ ያህል ብልጫ አለው። የ.22ቷ ጥይት? 48,000። ቁጥሮቹ በዚህ ቅደም ተከተል ሲቀመጡ ሜዳ ላይ ከምናየው ጋር ይገጥማሉ።

«ግማሽ መንገድ ከገባም ያው ሳንባ ነካ አይደል?» የሚል ይኖራል፤ ጽሑፉም «በወዲያ በኩል መውጣት ለፎቶ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር አለችው። ይህችን ሳነብ ጸሐፊው ከዛፍ ላይ ተኩሶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ቨርጂኒያ ፌርፋክስ አካባቢ ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ካውንቲው በሚያካሂደው የቀስት አደን ፕሮግራም የሚተኮሰው ከፍ ካለ መቀመጫ ነው። ከ5 ወይም ከ6 ሜትር ከፍታ ወደ ታች ስትተኩስ ፍላጻው የሚገባው ከጎኑ ላይኛው ክፍል፣ ከጀርባው ብዙም ሳይርቅ ነው። የሚወጣው ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ ከወዲያኛው የፊት እግር ብብት አጠገብ። ከወጣ ታችኛው ቀዳዳ ክፍት ነው፣ ደሙ በዚያ ይፈስሳል፣ ዱካው ቅጠሉ ላይ ይታያል። ካልወጣ ያለህ ላይኛው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱንም ፍላጻው ራሱ ወትፎታል፣ ደሙም ደረቱ ውስጥ እየሞላ ወደ ውጭ ጠብ የሚለው ጥቂት ነው። አጋዘኑ በሕይወት ባይቆይም 100 ሜትር ሮጦ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፣ መሽቷል፣ የወደቀ ቅጠሉ ሁሉ ቀይ ነው፣ አንተ በባትሪ አጎንብሰህ ጠብታ ትፈልጋለህ። ከሰፈር ጀርባ ባለች ትንሽ ጫካ ውስጥ ከሆንክ ደግሞ የሰው አጥር ዘልሎ ቢወድቅስ? ከባዱን የምመርጠው ለፎቶ አይደለም።

ስለ አወዳደቁ ብዙ አልደክምም። «ከባድ ፍላጻ ቶሎ ይወድቃል» እውነት ነው፣ ይወድቃል። ሁሉም ፍላጻ ይወድቃል። የሚጎዳህ መውደቁ ሳይሆን ርቀቱን ስትስት የሚመጣው ስህተት ነው። 15 ሜትር ብለህ አነጣጥረህ አጋዘኑ በእውነቱ 17 ሜትር ላይ ቢሆን 350 ግሬኑ 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይመታል፣ 550ው 7 ሳንቲሜትር። በሁለት ሳንቲሜትር ልዩነት ሰው አይጣላም። 30 ብለህ 35 ቢሆን ግን አንዱ 26፣ ሌላው 36 ሳንቲሜትር ይስታል። እዚያ ላይ ጸሐፊው ትክክል ነው፣ ግን እዚያ ርቀት ላይ በሪከርቭ በባዶ ዓይን እንስሳ ላይ መተኮስም አልነበረብህም። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ «ቅርብ አደን» ሆኖ ሳለ ክርክሩን ከ30 ሜትር ማምጣት አይሆንም።

ወደ ዶክተር አሽቢ እንሂድ። ኤድ አሽቢ ማለት አፍሪካ ውስጥ ለዓመታት በትልልቅ እንስሳት ላይ ፍላጻ እንዴት እንደሚገባ የመረመረ አሜሪካዊ ነው። 650 ግሬን የሚባለው ቁጥር የእሱ ነው። ጸሐፊው «ያ ለጎሽ ነው» ሲል ግማሹን አግኝቶታል። 650 ከባድ አጥንት ሰብሮ የማለፍ መነሻ ተብሎ የቀረበ ቁጥር እንጂ ለእያንዳንዱ አጋዘን የታዘዘ አይደለም። በዚህ በኩል ስህተት የሚሠሩት የከባድ ፍላጻ ወዳጆች ናቸው፣ እውነቱን ለመናገር። 40 ፓውንድ ለምትስብ ቀስት 700 ግሬን ጭነው፣ ፍላጻዋ በደረት ቁመት ተለቅቃ 20 ሜትር ላይ የእንስሳውን ጉልበት ስትመታ «አሽቢ እንዲህ አለ» ይሉሃል።

ነገር ግን ከአሽቢ ሥራ 650ን ብቻ መዝዞ መጣል ትልቁን ነገር መተው ነው። ሰውዬው ፍላጻን ጠልቆ እንዲገባ የሚረዱትን ነገሮች በቅደም ተከተል ሲያስቀምጥ ክብደትን አንደኛ አላደረገውም፣ ስድስተኛ ነው። አንደኛው ፍላጻው ሳይሰበርና ሳይጣመም መቆየቱ ነው። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ መብረሩ። ከዚያ ክብደቱ ወደ ፊት ማድላቱ፣ ከዚያ የጫፉ ቅርጽ እያለ ይቀጥላል። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንም ወጪ የላቸውም፣ ሥራ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ጸሐፊውም ተቃዋሚዎቹም ስለ ግሬን ሲጨቃጨቁ ስለ ሁለቱ አንድ መስመር አልጻፉም።

ጫፉን ካነሳን አይቀር፣ ጽሑፉ ሲመታ የሚከፈተውን ብሮድሄድ (ባለ ምላጭ የአደን ጫፍ) ያወድሳል። ለ70 ፓውንድ ኮምፓውንድ ይሁን። በ45 ፓውንድ ቀስት ግን ያለችህን ጥቂት ጉልበት ምላጭ ለመክፈት አታባክናት። ሁለት ምላጭ ያለው፣ የማይከፈት የማይዘጋ፣ የክንድህን ፀጉር የሚላጭ ስለት ያለው ይበቃሃል። ቨርጂኒያ ውስጥ ስፋቱ ከ7/8 ኢንች እንዳያንስ ብቻ እይ።

«አባቶቻችን በሸምበቆ ፍላጻ ዝሆን ጥለዋል»። ይህቺ ላይክ ታስገኛለች፣ ገባኝ። ግን መረንዝን ረሳው። መረንዝ አገራችን ደጋውም ወይና ደጋውም ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው፣ ስሙን ስትሰማ ሽማግሌ ሁሉ «እሱማ መርዝ ነው» ይልሃል። ከእሱና ከዘመዶቹ የሚፈላው መርዝ በምሥራቅ አፍሪካ ለብዙ ዘመን የፍላጻ ጫፍ ሲቀባ ኖሯል፣ ልብ የሚያቆም መርዝ ነው። ኬንያ ጻቮ አካባቢ በዝሆን አደን ስማቸው የገነነው ዋታዎች የሚጥሉት በዚህ ነበር፤ የሚስቡት ቀስትም የእኔና የአንተ ዓይነት አልነበረም፣ ጎበዝ ነኝ ያለ የዘመኑ ተኳሽ ግማሽ ድረስ ስቦ የሚተወው ነው። መርዝ የተቀባ ፍላጻ ደም ውስጥ ከገባ ይበቃዋል፣ ሳንባ ሰርስሮ መውጣት አይጠበቅበትም። አንተ ቨርጂኒያ ላይ መርዝ መቀባት በሕግ ተከልክለሃል። መርዙን አውጥተህ ፍላጻውን ብቻ ከአባቶች መውረስ አይቻልም።

ከጥንቶቹ መማር ካማረን ኢሺን እናንሳ። የካሊፎርኒያ ያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ሰው ነበር፣ እ.ኤ.አ. 1911 ላይ ከተራራ ወርዶ ኦሮቪል ከተማ የተገኘ። ሳክስተን ፖፕ የተባለው ሐኪም ቀስት አሠራርና አደን የተማረው ከእሱ ነው፣ የዛሬው የአሜሪካ የቀስት አደንም ከእነሱ ወዳጅነት ብዙ ወስዷል። ኢሺ የሚስበው ቀስት እንደኛው መካከለኛ ነበር። ጉልበቱ ቅርብ መድረሱ ላይ ነበር። ተደብቆ ጣቶቹን ከንፈሩ ላይ አድርጎ የተጨነቀች ጥንቸል ድምፅ ያወጣና እንስሳውን ወደ ራሱ ያመጣዋል።

በነገራችን ላይ ጽሑፉ «የትም አገር ያላችሁ ሞክሩት» ይላል። እንዳትሞክሩት። እንግሊዝ አገር ዱር እንስሳ በቀስት ማደን በ1981 እ.ኤ.አ. ሕግ ክልክል ነው፣ ጀርመንም ለአጋዘን ቀስት አትፈቅድም። ፈረንሳይ ትፈቅዳለች፣ ፈቃዱንና ሥልጠናውን ካሟላህ። አገር ቤት ደግሞ ያለ ዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ለንደን ፓርክ ውስጥ ሪከርቭ ይዞ የተገኘ ዘመዳችንን ነገ ማንም አያስፈታውም።

አሁን ከሁሉ በላይ ያናደደችኝ ነጥብ ላይ ደረስኩ፦ «ክብደት ካማረህ ከባድ ጫፍ ማሰር ነው፣ አለቀ»። አላለቀም። እንዲያውም ገና መጀመሩ ነው።

ፍላጻ ከቀስት ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይወጣም። አውታሩ ከኋላ ሲገፋው ይለመጣል፣ የቀስቱን እጀታ እየተጠማዘዘ ያልፈዋል፣ ከዚያ ነው የሚቃናው። ዘንጉ ምን ያህል እንደሚለመጥ ስፓይን ይሉታል። የዛሬ የካርቦን ዘንግ ላይ 500፣ 400፣ 340 ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው፤ 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መሃሉ ላይ 880 ግራም ሲንጠለጠልበት ስንት እንደሚጎብጥ፣ በኢንች ሺኛ። 500 ማለት ግማሽ ኢንች ይጎብጣል ማለት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ይጠነክራል። ጫፉ ላይ ክብደት ስትጨምር ግን ያው ዘንግ ሲተኮስ ይበልጥ ይለመጣል፣ ምክንያቱም ከፊት ያለው ከባድ ነገር አልንቀሳቀስም ሲል ከኋላ ያለው አውታር ይገፋል። በ125 ግሬን ጫፍ በደንብ የሚበር 500 ዘንግ 300 ግሬን ብታስርበት እየተወላገደ ይበራል፣ ጭራው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። ያ ፍላጻ ሥጋ ላይ ሲደርስ የጠመመ ሚስማር በመዶሻ እንደመምታት ነው፣ ጉልበቱ ወደ ፊት ከመሄድ ወደ ጎን ይባክናል። ክብደት ጨምረህ መግባቱን ቀነስከው። አሽቢ መብረርን ከክብደት ያስቀደመው ለዚህ ነው።

እንዴት ይሠራል? ሒሳቡን አንድ ጊዜ እናድርገው። 29 ኢንች የሆነ፣ በኢንች 8 ግሬን የሚመዝን ካርቦን ዘንግ 232 ግሬን ነው። ላባው 25፣ አውታሩ የሚገባበት የኋላው ኖክ 10፣ ከፊት ገብቶ ጫፉ የሚታሰርበት አሉሚኒየም 15፣ ጫፉ 125 ብትለው ድምሩ 407 ነው። አሁን አሉሚኒየሙን 100 ግሬን በሚመዝን ናስ ቀይረው፣ ጫፉን 200 አድርገው። 567 ደረስክ። 160 ግሬኑ የተጨመረው ሁሉ ከፊት ነው፣ ይህ ጥሩ ነው፣ ክብደቱ ወደ ፊት ያደላ ፍላጻ ቶሎ ይቃናል። ግን ዘንጉን ወደ ጠንካራው መቀየር አለብህ፣ ወይም ማሳጠር፤ ያጠረ ዘንግ ብዙ አይለመጥም።

ትክክለኛውን የሚነግርህ ሠንጠረዥ አይደለም። ላባ የሌለው ፍላጻ ነው። ላባ ያላቸው ሦስት ፍላጻዎች፣ ላባው የተላጠ አንድ ፍላጻ፣ ክብደታቸው እኩል ይሁን። ከ10 ሜትር ገደማ ጆንያ ወይም ለስላሳ ዒላማ ላይ ተኩስ። ላባ እንደ መሪ ስለሆነ ስህተትህን ይደብቅልሃል፣ የተላጠው ግን ምንም አይደብቅም። ቀኝ እጅህ ተኳሽ ከሆነ፣ የተላጠው ከጓደኞቹ በስተግራ ከተሰካ ዘንጉ ጠንክሯል፣ በስተቀኝ ከተሰካ ላልቷል። ላልቶ ከሆነ ከፊቱ ሩብ ኢንች ቆርጠህ እንደገና ሞክር። ጠንክሮ ከሆነ ጫፉ ላይ 25 ግሬን ጨምር። እንዲህ እያልክ የተላጠው ከሌሎቹ ጋር አንድ ቦታ ሲገባ፣ ጭራውም ቀጥ ብሎ ወደ አንተ ሲያይ፣ ያኔ ብሮድሄዱን ግጠም። አሰልቺ ነው፣ አዎ። ቅዳሜህን ይበላል። የአጋዘኑ ጎድን ላይ የሚሆነው ግን እዚህ ነው የሚወሰነው።

እንጨት የምትወዱ ደግሞ (እወዳችኋለሁ) ሚዛን ግዙ። ከአንድ ግዢ የመጡ የኦሬጎን ሴዳር ዘንጎች እንኳን ክብደታቸው እኩል አይደለም፣ በአሥር አሥር ግሬን ልዩነት ለይታችሁ መደብ መደብ አድርጓቸው። ሴዳር ቀላል ነው፤ ከባድ ካሻችሁ ሂከሪ ወይም አሽ አለ፣ ጥንካሬውም የጉድ ነው።

በመጨረሻ «ቀላሉን ለሩቅ፣ ከባዱን ለቅርብ፣ ሁለቱንም ያዝ» ይላል። ይህ መነጽርና ማነጣጠሪያ ላለው ሰው ምናልባት። ሪከርቭ በባዶ ዓይን የሚተኩስ ሰው የሚተማመነው ዓይኑና እጁ በለመዱት አንድ አካሄድ ነው። ክረምቱን ሙሉ አንድ ክብደት ተኩሰህ፣ ልብህ በሚደልቅበት ሰዓት ከኮሮጆ ሌላ ክብደት ስትመዝ እጅህ የቱን አካሄድ ያስታውስ? አንድ ፍላጻ ምረጥ። ለ45 ፓውንድ ቀስት ከ450 እስከ 550 ባለው ውስጥ፣ የተላጠው ፍላጻ ቀጥ ብሎ የሄደበት ላይ ቁም።

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። «45 ፓውንድ» ያልከው የት ተለክቶ ነው? ቀስት ላይ የሚጻፈው ቁጥር 28 ኢንች ሲሳብ ያለው ነው። እያንዳንዱ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ያህል ይለውጣል። አንተ እንደ ብዙዎቻችን 26 ኢንች ላይ የምትለቅ ከሆነ በእጅህ ያለው 40 ወይም 41 ነው፣ ያ ከሆነ ደግሞ የጻፍከው ፍጥነትና ኢነርጂ ሁሉ የሌላ ሰው ቀስት ነው። የሻንጣ ሚዛን አውታሩ ላይ ሰቅለህ ፊትህ ላይ እስከምታደርሰው ድረስ ሳበውና ቁጥሩን ጻፍልን፤ የዚያኑ ፍላጻ ክብደትም ጨምርበት፣ ከዚያ ክርክሩን እንቀጥላለን።